የትሮምቦን ነፊው ልጅ

አዳራሹ ውስጥ የቻይኮቭስኪ አምስተኛ ሲምፎኒ ሊያልቅ ተቃርቧል። መለከቱና ከበሮው ጣሪያውን ያናጋዋል። የኦርኬስትራው መሪ በትር እንኳ አልያዘም፤ አየሩን በባዶ እጁ እየቀዘፈ ነው ያን ሁሉ ሰው የሚያዝዘው። ውጭ ደግሞ ጆን ካርድዌል የሚባል ትሮምቦን ነፊ ያን መሪ አግኝቶ ሥራ ሊለምን ይቁለጨለጫል። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ሥራ ከፈታም ሰንብቷል። ቤት ውስጥ እሱን የምትጠብቅ ልጅ አለች፣ ኪራይ የምትጠብቅ አከራይም አለች። ሊገባ ቢሞክር አባረሩት። በዚያው ወድቆ የተረሳ የሴት ቦርሳ አገኘና ለበረኛው ሊያስረክብ ሞከረ፤ ማን ሰምቶት! ዳግመኛ ተባረረ።

ቤቱ ሲደርስ አከራይዋ ዓይኗን አፍጥጣ ጠበቀችው። ጆን ከሰው ቦርሳ ገንዘብ አውጥቶ ከፈለ። ጎረቤቱ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው መጠየቁ ስለማይቀር ከታላቁ የኦርኬስትራ መሪ ከስቶኮቭስኪ ዘንድ ሥራ ያገኘ መስሎ ታየ። ልጁ ፓትሲ በደስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እንዲህ ስትሆን እያየ እውነቱን ሊነግራት አንደበቱ አልታዘዝ አለው።

«መቶ ወንዶችና አንዲት ልጃገረድ» የተሰኘው የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልም በዚህች ውሸት ይነሳል። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ርዝመቱ 84 ደቂቃ ብቻ ነው። የጨዋታው ብዛት ግን ለሦስት ፊልም ይበቃል።

ውሸቷ ብዙ አላደረችም። ፓትሲ አባቷን በክብር ቦታው ተቀምጦ ለማየት ጓጉታ ልምምዱ ወደሚካሄድበት አዳራሽ ሹልክ ብላ ገባች። ወንበሮቹን በዓይኗ ብታስስ አባቷ የለም። ማታ ነገሩ ተገለጠ። ይህ የአባትና የልጅ ትዕይንት ለሙዚቃዊ ፊልም ያልተለመደ ዝምታ ያለበት ነው። ልጅቱ አትጮህም፣ አባትየውም ራሱን ለመከላከል አይሞክርም። አባትና ልጅ ቦታ የተለዋወጡት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱን የምታስተዳድረው፣ የምትሮጠው፣ የምትደራደረው፣ ሲያስፈልግም የምትዋሸው እሷ ናት።

ፓትሲ ቦርሳውን ለባለቤቷ ለመመለስ ሄደች። ባለቤቷ ወይዘሮ ፍሮስት የምትባል፣ ጊዜዋን በግብዣ የምትገፋ ባለጸጋ ናት። ልጅቱ እንግዶቹ ፊት ስትዘፍን ሁሉም ተደመሙ። በዚያ ሞቅታ መሐል ፓትሲ አንድ ሐሳብ አነሳች፦ ከተማው ውስጥ ሥራ አጥተው የተቀመጡ ሙዚቀኞች ሞልተዋል፣ ተሰባስበው ኦርኬስትራ ቢሆኑ የሚደግፋቸው ይኖር ይሆን? ወይዘሮዋ የባሏ የሬዲዮ ፕሮግራም ስፖንሰር እንደሚሆናቸው ቃል ገባች። ቃሉ የተገባው ለጨዋታ ያህል ነበር። ፓትሲ ግን የምር ወሰደችው። መቶ ሰው ሰበሰበች፣ ጋራዥ ተከራየች፣ ልምምድ አስጀመረች። ሴትዮዋ በዚህ መሐል ወደ አውሮፓ ላጥ ብላለች። ነገሩ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ አረፈው።

አቶ ፍሮስት ስለጉዳዩ ሲነገረው ስም የሌለው ኦርኬስትራ ለእሱ ምንም እንዳልሆነ አስረዳ። ስም ያለው መሪ ካመጡ ያን ጊዜ ይነጋገራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የፊልሙ ክፍል ፓትሲ ያን ስም ፍለጋ የምትሮጥበት ነው። በዱቤ የሚያሳፍራት ባለታክሲ አለ፤ ወደፊት ትከፍለኛለች እያለ ቆጣሪው እየሠራ ዝም ብሎ ይነዳል። አንድ ቀን ደግሞ ስቶኮቭስኪ ቢሮ ተደብቃ ሳለች ስልክ ጠራ። አነሳችው። ደዋዩ ጋዜጠኛ ነበር። እሷም ታላቁ ሰው ሥራ አጥ ሙዚቀኞችን ሊመራ መሆኑን ነገረችው። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። አባት በጨነቀው ጊዜ የዋሸውን ውሸት ልጅ በድፍረት ደገመችው፤ ልዩነቱ የእሷ መታተሙ ነው።

ጆንን ሥራ ያስፈታው ማነው? ፊልሙ ይህን አይናገርም። ተመልካቹም ክፉው ዘመን ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ስህተትም የለበትም። አሜሪካ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና አላገገመችም። በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ ፈት ነበር። ፊልሙ በወጣበት በ1937 ደግሞ ነገሩ ተሻሻለ ሲባል እንደገና ማሽቆልቆል ጀመረ። የሙዚቀኛው መከራ ግን ከፋብሪካ ሠራተኛው መከራ የተለየ ምክንያት ነበረው። ምክንያቱ ራሱ ፊልም ነው።

ድምፅ አልባ ፊልም ይታይ በነበረበት ዘመን ሲኒማ ቤት ያለ ሙዚቃ አይከፈትም። በትንሹ ከተማ አንዲት ፒያኖ ወይም ኦርጋን ትበቃ ነበር። በትላልቆቹ ከተሞች ግን ከመጋረጃው ሥር ሙሉ ኦርኬስትራ ይቀመጣል፤ ቫዮሊን ደርዳሪው፣ ክላርኔት ነፊው፣ ትሮምቦን ነፊው በየምሽቱ የሚያገኘው ቋሚ እንጀራ ነበረው። በ1927 ዋርነር ብራዘርስ «ዘ ጃዝ ሲንገር»ን አወጣ፤ ፊልም አፍ አወጣ፣ ዘፈነም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የሲኒማ ቤት ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የሙዚቀኞች ማኅበሩ በጋዜጣ ገንዘብ እየከፈለ ማስታወቂያ አወጣ፤ ሥዕሉ የሙዚቃ መሣሪያ የታቀፈ የብረት ሮቦት ነበር። በቆርቆሮ የታሸገ ሙዚቃ ነፍስ የለውም ለማለት ነው። ሰሚ አላገኙም። መንግሥት በ1935 የፌዴራል የሙዚቃ ፕሮጀክት አቋቁሞ፣ ቀድሞ የክሊቭላንድ ኦርኬስትራን ይመራ የነበረውን ኒኮላይ ሶኮሎፍን በኃላፊነት አስቀምጦ፣ ሥራ ፈት ሙዚቀኞችን በደመወዝ መቅጠር የጀመረውም ለዚህ ነው።

ፊልሙ ይህን መፍትሔ ከቁጥር አላስገባውም። በፓትሲ ዓለም መንግሥት የለም፣ ማኅበርም የለም፤ ያሉት ሀብታም፣ ዝነኛና ደፋር ልጅ ናቸው። ተረት ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ተረቱን የሠሩት ሰዎች ሥራ ማጣትን በወሬ የሚያውቁት አልነበሩም።

ዳይሬክተሩ ሄንሪ ኮስተር በርሊን ሲወለድ ስሙ ሄርማን ኮስተርሊትዝ ነበር። አይሁዳዊ በመሆኑ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አገሩን ጥሎ ወጣ። ፕሮዲዩሰሩ ጆ ፓስተርናክ የሃንጋሪ አይሁዳዊ ነው፤ በወጣትነቱ አሜሪካ ሄዶ አስተናጋጅ ሆኖ ሠርቷል፣ በኋላ ዩኒቨርሳልን ወክሎ በአውሮፓ ፊልም ሲያሠራ ቆየ። ሁለቱ በቡዳፔስትና በቪየና ተጣምረው ስለ ድሀና ብልኅ ልጃገረዶች ቀልደኛ ፊልሞችን ሠሩ፤ በ1936 ሆሊውድ ሲደርሱ ኮስተር እንግሊዝኛው ገና ይሰባበር ነበር። ታሪኩን ያፈለቀው ሃንስ ክራሊም ጀርመን ነው፤ ቀድሞ ለዝነኛው ዳይሬክተር ለኤርንስት ሉቢች ይጽፍ የነበረ፣ ኦስካርም ያገኘ። በኒውዮርክ ተፈጸመ የተባለው ይህ ታሪክ ጠረኑ የመካከለኛው አውሮፓ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቱ፣ ተነጫናጯ አከራይ፣ በረሃብ መሐል ስለ ሞዛርት የሚከራከሩት ሽማግሌዎች ከቡዳፔስት በመርከብ የመጡ ይመስላሉ።

በተለይ ዋሽንት ነፊውን ማይክል ቦሮዶፍን ሆኖ የተጫወተውን ሚሻ አወርን ማንሳት ደስ ይላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኑ የፈጠጠ ቀልደኛ ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ተወልዶ ከሩሲያው አብዮት በኋላ አሜሪካ የገባ ሲሆን እናቱ የታላቁ የቫዮሊን መምህር የሊዮፖልድ አወር ልጅ ናት። ያ አያቱ ዝነኛውን ቫዮሊን ተጫዋች ያሻ ሃይፌትዝን ያስተማረ፣ ቻይኮቭስኪም የቫዮሊን ኮንቼርቶውን በመጀመሪያ በስሙ መታሰቢያ ያደረገለት ሰው ነው። የእንዲህ ያለ ሰው የልጅ ልጅ ሥራ ፈት ሙዚቀኛ ሆኖ ሲያስቅ ማየት የራሱ ቀልድ አለው።

ባልና ሚስት ፍሮስትን የሚጫወቱት ዩጂን ፓሌትና አሊስ ብሬዲ ከዓመት በፊት ከአወር ጋር «ማይ ማን ጎድፍሬይ» በተሰኘው የዚሁ ስቱዲዮ ፊልም ላይ ዕብድ ሀብታም ቤተሰብ ሆነው ሠርተው ነበር። ዩኒቨርሳል የሸመነውን ጨርቅ ሁለቴ መልበሱን ያውቅበታል። አባትየውን የሚጫወተው አዶልፍ መንጁ ደግሞ በልብሱ ማማር የታወቀ፣ ሁልጊዜ ጌታ ሰው እየሆነ የሚቀርብ ተዋናይ ነበር። እሱን ያረጀ ኮት አልብሶ የኪራይ ገንዘብ እንዲቸግረው ማድረግ ጥሩ ብልኀት ነው። ኩራቱ ከፊቱ አይጠፋም። ውሸቱን የምናምነውም ለዚህ ነው፤ መዋሸት የለመደ ሰው አይመስልም።

የፊልሙ ምሰሶ ግን የ15 ዓመቷ ዲያና ደርቢን ናት። በ1921 በካናዳዋ ዊኒፔግ ከእንግሊዛውያን ወላጆች ተወለደች፤ ቤተሰቧ ወደ ካሊፎርኒያ የተሻገረው በሕፃንነቷ ነው። እውነተኛ ስሟ ኤድና ሜይ ነበር። ኤም ጂ ኤም የተባለው ስቱዲዮ ቀድሞ አስፈርሟት ከጁዲ ጋርላንድ ጋር «ኤቭሪ ሰንደይ» የተባለች አጭር ፊልም አሠራት፤ ከዚያ ጋርላንድን አስቀርቶ የደርቢንን ውል ሳያድስ ለቀቃት። ዩኒቨርሳል አነሳት። ጊዜው ለስቱዲዮው የጭንቅ ነበር፤ መሥራቹ ካርል ሌምል በዕዳ ምክንያት በ1936 ድርጅቱን አጥቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮስተርና ፓስተርናክ ደርቢንን ይዘው የሠሩት «ሦስት ብልኅ ልጃገረዶች» ገበያውን አጥለቀለቀው። ስቱዲዮውን ከመውደቅ ያዳነችው ይህች ልጅ ናት እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ነገሩ የፓትሲን ታሪክ ይመስላል፤ አንዲት ልጅ ለብዙ አዋቂዎች ደመወዝ ፈልጋ አመጣች።

ድምፅዋ ለዕድሜዋ የሚከብድ፣ የበሰለ ሶፕራኖ ነው። የሜትሮፖሊታን ኦፔራ የቀድሞ ድምፃዊ አንድሬስ ደ ሴጉሮላ አሠልጥኗታል። ይሁንና ሕዝቡ የወደዳት በድምፅዋ ብቻ አይመስልም። ስትናገር ትቸኩላለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሐሳቧ ከአፏ ይቀድማል። መዝፈን ስትጀምር ግን ሰውነቷ ሁሉ ይረጋል። ልምምዱ ላይ ሰርጋ ገብታ የሞዛርትን «ሃሌሉያ» የምታዜምበት ቦታ ላይ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል፤ ከደቂቃ በፊት የምትቅበጠበጠው ልጅ ሌላ ሰው ትሆናለች።

በደርቢን ፊልሞች ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ጎዶሎ ነው። በ«ሦስት ብልኅ ልጃገረዶች» ወላጆቿ የተፋቱ ናቸው። በ1938 በወጣው «ማድ አባውት ሚውዚክ» አባቷ ሞቷል፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያለችው ልጅ ለጓደኞቿ ጀግና አባት ፈጥራ ትተርካለች። እናት የሌለችበት «መቶ ወንዶች» ግን የእናትን አለመኖር አያስለቅስበትም። ስለ ሟቿ ረጅም ንግግር የለም። ክፍተቱን የምናየው በሥራ ነው፦ አባት ለልጁ ደስታ ሲል ይዋሻል፣ ልጅ ለአባቷ ክብር ስትል በር ትሰብራለች። አንዳቸው ለሌላው ከዚህ ሌላ ሰው የላቸውም።

ርዕሱ ስለ ወንዶች ማውራቱም ያለ ነገር አይደለም። ያኔ በአሜሪካ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ሴት ማየት ብርቅ ነበር። የሚገርመው ያን ልማድ ቀድሞ ከነቀነቁት አንዱ ራሱ ስቶኮቭስኪ መሆኑ ነው፤ በ1930 ኤድና ፊሊፕስን በፊላደልፊያ ኦርኬስትራ የሃርፕ ተጫዋች አድርጎ ቀጥሯል። ፊልሙ ውስጥ ግን ሥራ ፈቶቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው።

ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ በፊልሙ ላይ የሚጫወተው ራሱን ነው። ለንደን የተወለደ ሲሆን ከየት አገር እንደመጣ ለማወቅ የሚያስቸግር እንግዳ የአነጋገር ዘዬ ነበረው። ከ1912 ጀምሮ የፊላደልፊያ ኦርኬስትራን በዓለም ስመ ጥር አደረገ። ረጅም ነጭ ጸጉሩንና ጣቶቹን የሚያውቅ ሕዝብ ሲምፎኒ ከሚያውቀው ሕዝብ ይበዛ ነበር። ለድምፅ ቴክኖሎጂ የነበረው ፍቅርም ሌላው መታወቂያው ነው። በ1933 ከቤል ላቦራቶሪ መሐንዲሶች ጋር ሆኖ ፊላደልፊያ ላይ የሚጫወት ኦርኬስትራን ድምፅ በሽቦ ዋሽንግተን ላለ አዳራሽ አስተላልፏል። ለዚህ ፊልምም የኦርኬስትራው ሙዚቃ የተቀዳው ፊላደልፊያ ውስጥ፣ በራሱ ኦርኬስትራ፣ በብዙ ማይክሮፎኖችና በተለያዩ የድምፅ መስመሮች ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የዲስኒን «ፋንታዚያ» የሠራበት ዘዴ ከዚህ ልምድ የሚወለድ ነው።

ኦስካሩም የራሱን ቀልድ አመጣ። ፊልሙ ለምርጥ ፊልምነት ጭምር በአምስት ዘርፍ ታጨና በመጋቢት 1938 በተደረገው ሥነ ሥርዓት የምርጥ ሙዚቃን ሽልማት አገኘ፤ ካሸነፋቸው አንዱ «ስኖው ዋይት» ነው። ያኔ ደንቡ ሽልማቱን ለስቱዲዮው የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ የሚሰጥ ስለነበር ተሸላሚው ቻርልስ ፕሬቪን ሆነ፤ በአቀናባሪነት የተመዘገበ ሰው ግን የለም። ሞዛርት፣ ሊስት፣ ቬርዲ፣ ዋግነርና ቻይኮቭስኪ መድረክ መውጣት አይችሉም ነበር።

ሰውም ደርቢንን በየአገሩ ወደዳት። በሶቪየት ኅብረት የደርቢን ፊልሞች እጅግ ተወዳጅ ነበሩ፤ ታላቁ ቼሎ ተጫዋች ሮስትሮፖቪች በሙዚቃ ሕይወቱ ላይ ተጽዕኖ ካሳደሩት አንዷ እሷ እንደሆነች በኋላ ተናግሯል። አምስተርዳም ውስጥ አይሁዳዊቷ ታዳጊ አን ፍራንክ ከናዚዎች በተደበቀችበት ክፍል ግድግዳ ላይ ከለጠፈቻቸው ምስሎች መሐል የደርቢን ይገኝበታል። ሕንዳዊው ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ በ1992 የክብር ኦስካሩን ሲቀበል ተማሪ ሳለ ለደርቢን ደብዳቤ ጽፎ መልስ እንዳገኘ፣ ለተዋናይቷ ለጂንጀር ሮጀርስ ጽፎ ግን መልስ እንዳጣ እያሳቀ አውርቷል።

ደርቢን ራሷ ያን ዝና አልፈለገችውም። በአሜሪካ ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ሴቶች አንዷ ለመሆን ከበቃች በኋላ ገና ሃያዎቹን ሳትጨርስ ሆሊውድን ተወች። በ1950 ፈረንሳዊውን ዳይሬክተር ሻርል ዳቪድን አግብታ ከፓሪስ ወጣ ብላ ባለች ኖፍል ለ ሻቶ በምትባል መንደር ኖረች። የኢራን አብዮት መሪ አያቶላህ ኩመይኒ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት የተቀመጡባትም መንደር ይህችው ናት፤ እሳቸውን ተከትለው የመጡት ጋዜጠኞች ጎረቤታቸው ማን እንደሆነች ያውቁ እንደሆነ እንጃ። ለቃለ መጠይቅ በሯን ብዙም ሳትከፍት ኖራ በ2013 በ91 ዓመቷ አረፈች።

ከፊልሙ ሁሉ የሚታወሰው ትዕይንት የደረጃው ነው። ስቶኮቭስኪ በጋዜጣው ወሬ ተቆጥቷል፣ ለጉዞም ተነስቷል፤ ልመናዋን አልሰማም ብሏል። ፓትሲ መቶዎቹን ሰዎች ይዛ ቤቱ ገባች። ሳሎኑን፣ ደረጃውን፣ ሰገነቱን በሙሉ ሞልተው ቆሙና የሊስትን ሁለተኛ የሃንጋሪ ራፕሶዲ ጀመሩ። ሰውየው ከክፍሉ ብቅ አለ። መጀመሪያ ፊቱ የተናደደ ነው። ቀጥሎ ዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ሁሉም ሽቅብ እያዩት ይጫወታሉ። ትዕይንቱ አይቸኩልም፤ ኮስተር የሰዎቹን ፊት በትዕግሥት ያሳየናል፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ክራቫታቸው የተጣመመ፣ ከእንግዲህ የሚያጡት ነገር የሌላቸው። ቀስ እያለ የስቶኮቭስኪ ጣት ተነቃነቀ፣ ከዚያ አንድ እጁ፣ ከዚያ ሁለቱም። ወዶ ሳይሆን እጁ ጎትቶት መምራት ጀመረ። ጉዞው ቀረ፣ ኮንሰርቱ ተደረገ፣ ፓትሲም መድረክ ላይ ከቬርዲ «ላ ትራቪያታ» ዘፈነች።

ደረጃው ላይ ከቆሙት መሐል ጆን ካርድዌል ትሮምቦኑን ወደ ፊት እየገፋ ወደ ኋላ እየሳበ ይነፋል። ጉንጩ ይሞላል፣ ፊቱ ይቀላል። ከነዚያ መሣሪያዎች ሲወጣ የምንሰማው ድምፅ ግን ቀደም ብሎ ከሆሊውድ በሺህ በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት፣ ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ሥራ ያላቸው ሙዚቀኞች ተጫውተው በፊልም ላይ የተቀዳ ነው።